«ላይብልድ ሌዲ»ን በአማርኛ ሰብታይትል፦ ርዕሱ ምን ይባል?

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። የ1936ቱን (እ.ኤ.አ.) የሆሊውድ ኮሜዲ «ላይብልድ ሌዲ» አራት ኪሎ ለአንድ የፊልም ክበብ ለማሳየት ሰብታይትል እየሠራሁ ነው። ርዕሱን «ስሟ የጠፋ ወይዘሮ» ብዬዋለሁ፤ አላማረኝም። ደግሞ ጽሑፉ ከድምፁ ይቀድማል፣ እየቆየ ይብሳል። ምን ይሻላል?

ፊደል ቆጣሪ፦
«ስሟ የጠፋ» ሲባል ሰው የሚሰማው «ስሟ ጠፋኝ» የሚለውን ነው። «ስሟን ያጠፏት» በለው፤ አጥፊው በፊልሙ ያለው ጋዜጣ መሆኑም ይታያል። «ወይዘሮ»ን ደግሞ ተወው። ስሟ የጠፋው ኮኒ (ሚርና ሎይ) አላገባችም፤ 5 ሚሊዮን ዶላር ክስ የመሠረተችውም የሰው ትዳር አፈረሰች ብለው ስለጻፉባት ነው። ወይዘሪት ናት። ዶላሩን ወደ ብር እንዳትመነዝረው ብቻ!

ማሚቶ፦
ርዕሱስ ቀላል ነው፣ የሚያስቸግረው «ዩ» (you) ነው። እንግሊዝኛው በአንዷ ቃል ይገላገላል፤ እኛ መምረጥ አለብን። ግላዲስና እጮኛዋ፣ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ሃገርቲ፣ ከመጀመሪያው አንተ አንቺ ይባባሉ። በሠርጉ ቀን ቢሮ የቀረውን ሙሽራ ቬሎዋን እንደለበሰች መጥታ «እርስዎ» ብትለው ማን ይስቃል? ጋዜጣው ኮኒን እንዲያጠምድ የላከው ቢል (ዊልያም ፓውል) እና ኮኒ ግን መርከቡ ላይ «እርስዎ» ይባባሉ፤ ስለምትጠረጥረው ከአፏ ሲወጣ የሚበርድ «እርስዎ» ነው። ከዓሣ ማጥመዱ በኋላ ወደ «አንተ» ትዙር፣ ቀድማ እሷ። ቢል የኮኒን አባት እስከ መጨረሻው አንቱ ይበላቸው። ቢል ወንዙ ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ መመሪያ መጽሐፍ ይዞ ሲንገዳገድ ግን ጽሑፍ አታብዛ፤ ዓይን ወደ ታች ከወረደ ውድቀቱ ያመልጣል።

ቆራጩ፦
የሚቀድምብህ ሰብታይትሉ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ለሚያሳይ ቪዲዮ ተሠርቶ ቪዲዮህ 23.976 ስለሆነ ነው። ፊልሙ 98 ደቂቃ ነው፤ መጨረሻው ላይ 4 ደቂቃ ያህል ይቀድማል። ሁሉንም መስመር እኩል ብትገፋው አይስተካከልም። «ሰብታይትል ኤዲት» በሚባለው ፕሮግራም ላይ ፍሬም መቀየሪያውን ከ25 ወደ 23.976 አድርገው። ስታስቀምጥ የፊደል ኮዱን (encoding) ዩቲኤፍ-8 ምረጥ፤ የግዕዝ ፊደል በማይዘው በአንሲ (ANSI) ካስቀመጥከው ፊደሉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ መመለሻም የለውም። አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ከታየህ ግን ፋይሉ ደህና ነው፣ የጎደለው ፎንት ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጫን።

ንግግሩ ጥድፊያ ስለሆነ ከሁለት መስመር አትለፍ፣ በመስመር 30 ፊደል ግድም። ሁለት ሰው ሲጯጯህ የአንዱን ስድብ ጣለው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ፍሬሙ ነበር፣ ተስተካከለ። ፕሮጀክተሩ ግን ሰዉን አወፍሮ ያሳያል።

ቆራጩ፦
ምስሉን ጎትቶት ነው። የምስሉን ምጥጥን (aspect ratio) 4፡3 ላይ አድርገው፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሁን። «ዙም» እንዳትነካ፤ ከላይ ጭንቅላት፣ ከታች የለፋህበትን ጽሑፍ ይቆርጥብሃል።