እህቴ በዓለ ሃምሳ ላይም «ጾም ነኝ» ትላለች

የጦሳ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ 17 ዓመቷ ነው። ፋሲካ ካለፈ ወር ሆነው፣ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕና አርብ እንኳን አይጾምም፣ እሷ ግን አሁንም «ጾም ነኝ» ትላለች። የቡና ቁርስ አትነካም። ስትበላ ደግሞ ወዲያው ሽንት ቤት ገብታ ትቆያለች። እናቴ ቡዳ ነው ብላ ጠበል ልትወስዳት ነው። እኔ እልኸኝነት ይመስለኝ ነበር፣ አሁን ግን ፈራሁ።

ሐይቅ ዳር፦ አብሽር ወንድሜ። እልህ አይደለም፣ ህመም ነው፤ እኔም አልፌበታለሁ። እኔን የጎዳኝ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ስለ ሰውነቴ የሚወራው ነበር፣ ስወፍርም ስከሳም። በጉርሻ አታስገድዷት (እናቶቻችን በዚህ አይቻሉም!)። ብቻችሁን ስትሆኑ ተጨንቄልሻለሁ በላት፣ ከዛ ዝም ብለህ ስማት።

ነርሷ ከኮምቦልቻ፦ ምግብ መተዉ አኖሬክሲያ፣ በልቶ ማስመለሱ ቡሊሚያ ሊሆን ይችላል፣ የሚለየው ግን ሐኪም ነው። ማስመለስ የደም ፖታሲየም ያወርዳል፣ የልብ ምት ያዛባል፣ ሲያይዋት ደህና ብትመስልም። ራሷን ከሳተች ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ካልሆነም የደም ምርመራ፣ ከዛ የአእምሮ ህክምና። ጠበሉም ይሁን፣ ግን ባዶ ሆዷን አትክረም። አንተም ተኛ፣ ብላ፣ ለአንድ ጓደኛህ ንገር።

የጦሳ ልጅ፦ ማታ አወራኋት። አለቀሰች። ሐሙስ ሆስፒታል እንሄዳለን፣ እናቴም ትመጣለች።