ታንከሩ ውስጥ ምን እናሰማ? የጋራ ፕሮፖዛል፣ ረቂቅ 2

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ያልመጣችሁ እንድታውቁት፣ የድምፅ ጥበብ ሥራችንን የምናሰማበት ቦታ ከግቢያችን ጀርባ የተቀበረው የድሮ የኮንክሪት ውሃ ታንከር ነው። ባዶ ነው። መሰላሉ ላይ ሆኜ አንዴ አጨበጨብኩ፤ ድምፁ እስኪጠፋ 9 ቆጠርኩ። ጋሼ አስነጥሰው «ይማርዎ» ካልናቸው በኋላም ማስነጠሳቸው ገና አላለቀም ነበር።

የድምፅ ባለሙያው፦ 8 ስፒከርና አንድ አምፕሊፋየር ይበቃናል። የቡና ሙቀጫና የአዌቱ ወንዝ ድምፅ ቀርጸን እንልቀቅበት። አሜሪካዊው የድምፅ አርቲስት ማክስ ኒውሃውስ እኮ እ.ኤ.አ. በ1977 ኒው ዮርክ፣ ታይምስ ስኩዌር፣ ከእግረኛ መንገድ ፍርግርግ ስር እንዲህ ያለ ነገር ሠርቷል። ሰው ከላይ ያልፋል፣ ከስር ጉምጉምታ ይሰማል።

ጸሐፊ፦ ደስ ይላል። ግን መብራት ሲሄድስ? ደግሞ በዚያ ማስተጋባት የሙቀጫው ድምፅ ተደራርቦ ገንፎ ነው የሚሆነው። ታንከሩ የሚወደው ነጠላ ድምፅ ነው። ጠብ፣ ከዚያ ዝምታ። ጃፓኖች አትክልት ቦታቸው ውስጥ ሱይኪንኩትሱ የሚሉት አላቸው። ቂጡ የተበሳ እንስራ በአፉ ደፍተው ይቀብራሉ። በቀዳዳው የገባው ውሃ ከታች በተጠራቀመው ላይ ጠብ ሲል፣ እንስራው እንደ ደወል ያቃጭላል። እኛም ታንከሩ ውስጥ እንዲሁ እናድርግ።

እትዬ (ሸክላ ሠሪ)፦ እንስራውን ለኔ ተዉት ልጄ። በደንብ ያልበሰለ ሸክላ ግን አይጮህም። በጣታችሁ ቆርቆር አድርጉት፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ወይ አልበሰለም ወይ ተሰንጥቋል። ቀዳዳውን እርጥብ ሳለ እኔው እበሳዋለሁ። ከተቃጠለ በኋላ በሚስማር ልብሳ የሚል እንዳይነካብኝ! ትልቅም ትንሽም ይኑር፤ ትልቁ ወፍራም ድምፅ፣ ትንሹ ቀጭን ይሰጣል።

የጤና ባለሙያዋ፦ ጅማ ላይ ውሃ አቁራችሁ ትንኝ ልታረቡ ነው? ውሃው በየሳምንቱ ይደፋ፣ መግቢያው በወንፊት ይሸፈን። ሌላው፣ ዝግ ታንከር ውስጥ ኦክስጅን ሊያንስ ይችላል። ቅዳሜ ዝም ብላችሁ መውረዳችሁ ልክ አልነበረም። ክዳኑ ተከፍቶ ይደር፣ አየር በማራገቢያ ይግባ፣ ማንም ብቻውን አይውረድ።

ጸሐፊ፦ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያልሽው ሁሉ ፕሮፖዛሉ ውስጥ ገብቷል። 7 እንስራ ብያለሁ። ክረምት ውሃው ከጣሪያው በአሸንዳ ይመጣል፣ በጋ በጀሪካን እንሞላለን። ስፒከሮቹን ከበጀቱ አውጥቼ ማራገቢያና የእጅ ባትሪ ተክቻለሁ።

የድምፅ ባለሙያው፦ እሺ ተሸነፍኩ። አንድ መቅረጫ ግን ተዉልኝ።

ጸሐፊ፦ ተትቶልሃል። እትዬ፣ የመጀመሪያው መቼ ይደርሳል?

እትዬ፦ አፈሩን ዘፍዝፌዋለሁ። ዝናቡ ማድረቂያ ከሰጠኝ በሁለት ሳምንት።