የራልፍ ስታንሊ 10ኛ ሙት ዓመት፦ ፕሮፖዛሉን አብረን እንጨርሰው

ወገኖች ሰላም ናችሁ? ለቦርዱ ከመላኩ በፊት ሁላችንም ሐሳብ እንድንሰጥበት ረቂቁን እዚህ ላስቀምጥ፣ ጨምሩበት ቀንሱበት። የብሉግራስ (የአሜሪካ ተራራማ ገጠር ባህላዊ ሙዚቃ) ዘፋኝና ባንጆ ተጫዋች የነበረው ራልፍ ስታንሊ ያረፈው ጁን 23፣ 2016 በ89 ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ቀኑ ማክሰኞ ስለሚውል የመታሰቢያ ዝግጅቱ ቅዳሜ ጁን 20 ይሁን ባይ ነኝ።

"የፈረንጅ ዘፋኝ ለኛ ምናችን ነው" ላላችሁት፣ ከመሀላችን ስንቱ ነው ትራክ የሚነዳው፣ ሌሊት ሀይዌይ 81ን ይዞ ወደ ቴነሲ የሚወርድ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ቨርጂኒያ ልጆቻችንን ያሳደግንባት አገር ናት፣ እሱ ደግሞ የዚችው ልጅ ነው፣ በ1927 ዲከንሰን ካውንቲ ከሰል በሚወጣበት ተራራማ አገር ተወልዶ እዚያው የተቀበረ። ባንጆ የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ ያስተማረችው እናቱ ናት። በ1946 ከወንድሙ ከካርተር ጋር ባንድ መሠረቱ፣ ካርተር በ1966 ሲሞትበት ባንዱን ሳይበትን ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ዘለቀ።

ለኔ ግን ትልቁ ነገር አዘፋፈኑ ነው። ያደገበት የፕሪሚቲቭ ባፕቲስት ቤተክርስቲያን መሣሪያ የሚባል አያስገባም፣ አንዱ ስንኙን ያወጣል ሕዝቡ ተቀብሎ ቀስ አድርጎ ይጎትተዋል፣ እኛ አገር መሪና ተቀባይ ሲቀባበል የሰማ ሰው ወዲያው ነው የሚገባው። በ2002፣ በ75 ዓመቱ ግራሚ ያገኘባት ስለ ሞት የምትለዋ ዘፈን እንኳ ምንም ሳይመታ ብቻውን ያንጎራጎራት ናት፣ በሰማኋት ቁጥር የገጠር አልቃሾች ናቸው ትዝ የሚሉኝ። ስለዚህ እባካችሁ ዲጄ ይቅር። መጀመሪያ ያለ መሣሪያ ይዘፈን፣ ከዚያ ባንጆና ማሲንቆ ተራ በተራ ይጫወቱ። ባንጆም እኮ ሥሩ አፍሪካ ነው፣ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ይዘውት የመጡት ሙያ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፣ ግን ረቂቁ ላይ ያለው፣ እዚያው ዲከንሰን ካውንቲ ክሊንትዉድ ከተማ ሄደን በስሙ በ2004 የተከፈተውን ሙዚየም እንይ የሚለው ከበደኝ። ከዚህ ከ6 ሰዓት በላይ መንዳት ነው፣ አውቶቡስና ሆቴል ሲደመር ካዝናችን አይችልም።

የመስተንግዶ ኮሚቴ፦ ጁን 20 የሐዋርያት ጾም ላይ ነው፣ ምግቡ በሙሉ የጾም ይሁን፣ ሽሮውንም አትክልቱንም እኛ እንችለዋለን። ማግስቱ የአባቶች ቀን ስለሆነ ልጆቹን ይዛችሁ ኑ፣ አባቶቻቸው መንገድ ላይ ምን እየሰሙ እንደሚነዱ ይወቁ።

እሺ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ እንዲህ ብዬ አስተካክየዋለሁ። የጋራ ጉዞው ይቀራል፣ መሄድ የፈለገ በየመኪናው ተጠራርቶ በፎል፣ ቅጠሉ ቀለም ሲቀይር ይሂድ፣ ያን ጊዜ ተራራው ራሱ ያምራል። ጁን 20 የሚዋጣው ገንዘብ ግን ለሙዚየሙ ይላክ። የአካባቢያችንን የብሉግራስ ተጫዋቾች በተመለከተ "ተጋባዥ" የሚለውን አውጥቼ "አብሮ አዘጋጅ" ብዬዋለሁ፣ ሐዘኑ ከኛ ይልቅ የነሱ ስለሆነ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው አብረውን ያውጡ እንጂ ባለቀ ነገር ላይ አንጥራቸው። ማሲንቆ የሚጫወት የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሌላ የምትቀይሩት ካለ እስከ እሁድ ማታ እጠብቃለሁ፣ ሰኞ ለቦርዱ እልከዋለሁ።