ጥቁር ፀጉርን ደማቅ ሰማያዊ ለማድረግ ምክር እሻለሁ

ፀጉሬ በተፈጥሮው ድቅድቅ ጥቁርና ከርዳዳ ሲሆን፣ ጫፍ ጫፉን ብቻ ቤት ውስጥ ደማቅ ሰማያዊ ላደርገው አስቤአለሁ። ሰማያዊ ቀለም ጥቁር ላይ ስለማይታይ በቅድሚያ ከማይታይ ቦታ ጥቂት ፀጉር ቆርጬ፣ የብሊች (የፀጉር ማንጫ) ዱቄትን 6 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ካለው ክሬም ጋር አዋሕጄ ሞከርኩት። ውጤቱ ግን ብርቱካናማ ሆኖ ቀረ፤ ሰማያዊው በላዩ ላይ ቢቀባ ደግሞ ሁለቱ ቀለሞች ተጣፍተው የደፈረሰ ቡናማ ነገር እንደሚሰጡኝ እገምታለሁ።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። ብሊቹን ልድገመው ወይስ ወደ 9 በመቶው ልሸጋገር? አንዲት ጎረቤቴ 12 በመቶውን ብትመክረኝም፣ ከርዳዳ ፀጉር በቀላሉ ስለሚሰባበር ምክሯን ለመቀበል አልደፈርኩም። ፈዛዛ ቢጫ እስኪሆን ቢነጣ እንኳ ሰማያዊ በቢጫ ላይ ወደ አረንጓዴ ስለሚያደላ፣ ቢጫውን በሐምራዊ ቶነር (የነጣ ፀጉርን ቀለም ማስተካከያ) ማጥፋት ግድ ይሆን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

በተጨማሪም ጫፉ ቀደም ሲል ሂና ተቀብቷል። አንዳንድ የታሸገ ሂና ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ የሚግል የብረት ጨው ስላለበት፣ የሂናውን ክፍልም ለብቻው ፈትሼው አልጋለም። በሙያው ያላችሁ ወገኖች፣ በሁለት ብሊች መካከል ስንት ሳምንት መጠበቅ እንደሚገባኝና ሂና የነካውን ክፍል ቆርጦ መጣሉ ይሻል እንደሆነ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።