በደሴ ጠባብ ግቢ ለምግብ የሚሆን ምን ይተከል?

ጥያቄ (ከደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሆጤ አካባቢ ስድስት አባወራ በምንኖርበት ግቢ፣ ከአጥሩ ግንብ ሥር ስፋቷ አንድ ሜትር፣ ርዝመቷ ስምንት ሜትር ያህል የሆነች መሬት አለች። እስካሁን አበባ ብቻ ነበረባት፤ እኔ ግን ውበቷን ሳታጣ ልጆቻችን የሚበሉትን እንድታፈራ እፈልጋለሁ። አምና ዘመድ ያመጣልኝን የፓፓያና የአቮካዶ ችግኝ ተክዬ ነበር፤ ታኅሣሥ ላይ በአንድ ሌሊት ውርጭ መትቶት ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ አደረ። ምን ብተክል ይሻላል?

መልስ (ከደሴ)
አብሽሪ እህቴ፣ ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ፓፓያው ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ላለችው ኮምቦልቻ ይቅር። ላንቺ የሚስማማሽ አፕል ነው፤ ነገር ግን አበባው ከሌላ ዝርያ ብናኝ ካላገኘ ፍሬ በደንብ ስለማይዝ፣ ብዙ ብርድ የማይፈልጉትን «አና»ን እና «ዶርሴት ጎልደን»ን ጎን ለጎን ትከያቸው። ግንቡ ላይ ሦስት መስመር ሽቦ ወጥረሽ ቅርንጫፎቹን ግራና ቀኝ እያሰርሽ ብታሳድጊ ቦታ አይሻሙም፤ ግንቡም ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይመልስላቸዋል። ከሥራቸው ቆስጣና የሐበሻ ጎመን፣ ከዳር የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ይሁን። ጎመኑን አትንቀዪው፤ የታችኛውን ቅጠል ብቻ እየቀነጠስሽ ስትወስጂ ለወራት ይሰጥሻል።

መልስ (ከኮምቦልቻ)
በተባለው እስማማለሁ። ሆኖም ግንቡ ገደል ደግፎ የቆመ ከሆነ ከሥሩ መቆፈርም ውሃ ማጠራቀምም አደጋ አለውና፣ ጎመኑንና ቆስጣውን አፈርና ፍግ በሞላበት ጆንያ መትከል ይሻላል። በረኪና የገባበትን የልብስ እጣቢ በፍጹም አታጠጡ፤ ተራውም ቢሆን ለዛፍ ሥር አልፎ አልፎ እንጂ ለሚበላ ቅጠል አይሆንም።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ግንቡ ገደል አልደገፈም፤ ፀሐይ የሚያርፍበት ግን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ብቻ ነው። ለአፕሉ ይበቃዋል?

መልስ (ከደሴ)
ይህን ቀድሞ መጠየቅ ነበረብኝ። አፕል በቀን ቢያንስ ለ6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ስለሚሻ፣ እዚያ ላይ ቅጠል እንጂ ደህና ፍሬ አይሰጥሽም። ግንቡን ለቆስጣና ለጎመን ተዪው፤ ያ ፀሐይ ይበቃቸዋል። ለአፕሉ ከጎረቤቶችሽ ጋር ተመካክረሽ ረፋድም ከሰዓትም ፀሐይ የሚያገኝ ሌላ ጥግ ፈልጊለት።