የባሕር ሙላት መከላከያ በር፦ የግድብ በር ስሌት ይበቃል?

አዘዞ_ማዶ፦
ጤና ይስጥልኝ። የመመረቂያ ሥራዬ በወንዝ አፍ ላይ ያለች የወደብ ከተማን አውሎ ነፋስ ከሚያነሳው የባሕር ሙላት የሚጠብቅ በር መንደፍ ነው። እኛ ጎንደሬዎች የምናውቀው የጣናን መውጫ የሚቆጣጠረውን የጨረጨራን ዓይነት በር ስለሆነ መነሻ ያደረግሁትም እሱን ነው። የመክፈቻው ስፋት 20 ሜትር፣ ከበሩ ወለል በላይ ባሕሩ 5 ሜትር፣ የከተማው ወገን 3 ሜትር ብያለሁ። የግድብ በር ስሌት ይበቃል?

ቀሃ_ዳር፦
ቀመሩ ያው ነው፤ የሚለየው አቅጣጫው ነው። ለአንድ ሜትር ስፋት፦ ½ × 1,025 (የባሕር ውሃ እፍግታ) × 9.81 (የመሬት ስበት) × የጥልቀቱ ካሬ። 5 ሜትሩ ወደ 126 ኪሎኒውተን ይገፋል፣ 3 ሜትሩ 45 ይመልሳል፤ የተጣራው 80 ገደማ ነው። በ20 ሜትር ሲባዛ 1,600 ኪሎኒውተን፣ የ164 ቶን ክብደት ያህል። የማዕበሉ ምት ገና አልተደመረም።

አሁን ገልብጠው። ነፋሱ አልፎ ባሕሩ ወደ 2.5 ሜትር ሲወርድ ወንዙ ከኋላ 4 ሜትር ደርሶ ከሆነ፣ በሜትር 49 ኪሎኒውተን ወደ ባሕር ይገፋል። የግድብ በር ዕድሜውን ሙሉ የሚገፋው ከአንድ ወገን ነው፤ ያንተ ከሁለቱም ነው። የሚረሳው ማሸጊያው ላስቲክ ነው፦ የባሕሩ ግፊት ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቀው ላስቲክ፣ ግፊቱ ሲገለበጥ ይላቀቅና ያፈሳል፤ በሩም ይንቀጠቀጣል። በሁለቱም ፊት ማሸጊያ አድርግ።

ማራኪ_27፦
ወንድሜ፣ ከበሩ በፊት ከኋላው የሚጠራቀመውን ውሃ አስላ። በሩ ሲዘጋ ወንዙ አይቆምም። በሰከንድ 100 ሜትር ኩብ የሚፈስ ወንዝ በ10 ሰዓት ውስጥ 3.6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያመጣል፤ ከበሩ በላይ ያለው የውሃ ገጽ 6 ካሬ ኪሎሜትር ቢሆን ውሃው 60 ሴንቲሜትር ይነሳል። ነፋሱ ዝናብ ይዞ ከመጣ ከተማዋ በገዛ ወንዟ ትጥለቀለቃለች። መላው ባሕሩ ዝቅ ባለበት ሰዓት ቀድሞ መዝጋት ነው፤ ያኔ ከኋላ ባዶ ቦታ ይተርፋል። ካልበቃ ፓምፕ።

5 ሜትሩስ ከየት መጣ? የአየር ግፊት በ1 ሄክቶፓስካል ሲቀንስ ባሕሩ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ይነሳል። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ግን ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ነፋሱ ነው። ይህ ሁሉ ጨረቃ በስበቷ በምታነሳው የባሕር ሙላት ላይ ሲደረብ ነው ክፉው ቀን። ሦስቱን ለየብቻ አስልተህ ደምር።

አንገረብ_ጌት፦
ይህ በር ከርሞ ክፍት ሆኖ መርከብ ያሳልፋል፤ በተፈለገበት ሰዓት ደግሞ ያለ ስሕተት መዘጋት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመረቀው የለንደኑ የቴምዝ መከላከያ 61 ሜትር በሆኑት ዋና መክፈቻዎቹ በሮቹ ወንዙ ወለል ላይ ተኝተው መርከብ በላያቸው ያልፋል፤ ሲያስፈልግ ዞረው ይነሳሉ። ሮተርዳም አጠገብ ያለው የ1997ቱ ማስላንት ሁለት ባለ 210 ሜትር ክንፎች አሉት፤ ከዳር ተንሳፍፈው ይመጡና ውሃ ተሞልተው ይቀመጣሉ።

ለ20 ሜትር ከላይ የሚወርድ ቀጥ ያለ በር ይሻላል፤ የመርከቡ ምሰሶ የሚያልፍበት ከፍታ ካለ ማለቴ ነው። መብራት ቢጠፋ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ክብደቱ ግን የሐዲዱን ሰበቃ በ164 ቶኑ ግፊት ሥር ማሸነፍ አለበት፤ ስለዚህ ተንሸራታች ሳይሆን ባለ ጎማ አድርገው።

አዘዞ_ማዶ፦
ባለ ጎማውን ይዣለሁ። ወለሉ ላይ ደለል ቢቀመጥስ?

አንገረብ_ጌት፦
የአንገረብን ግድብ ደለል ያየ ሰው ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። አንድ ግንድ በሩን 10 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጎ ቢይዘው፣ በ2 ሜትር ልዩነት ውሃው በሰከንድ 6 ሜትር ገደማ እየሮጠ በየሰከንዱ 7.5 ሜትር ኩብ ያህል ይገባል። የሚገባው ውሃ ሳይሆን የሚቦረቡረው መሠረት ነው የሚያስፈራው፤ ወለሉን በሁለቱም ወገን በድንጋይ አልብሰው፣ ከሥሩም ሺት ፓይል (ውሃ በሥር እንዳይሰርግ ወደ መሬት የሚተከል የብረት ሰሌዳ) አስገባ። ደለሉን የሚጠርግ የውሃ መርጫ ቧንቧ ወለሉ ውስጥ ቅበር። ለዝገቱ ቀለም ብቻውን አይበቃም፣ የዚንክ አኖድ (በበሩ ብረት ፈንታ ራሱ የሚበላ የዚንክ ቁራጭ) እሰርበት፤ አኖዱ እያለቀ ስለሚሄድ የሚቀየርበትን መንገድ ከአሁኑ ንደፍ። በየወሩ ይዘጋና ይፈተሽ፤ የቴምዙም በየወሩ ነው የሚፈተሸው።