ቃሊቲ አካባቢ አየር ላይ የተገኘውን ፒሲቢ ምንጩን እንዴት እንለየው?

አቃቂ_ናሙና፦
ሰላም ለሁላችሁም። ቃሊቲ ዙሪያ በአራት ቦታ የሰቀልናቸው የስፖንጅ ናሙና መሰብሰቢያዎች ከሦስት ወር በኋላ ሲመረመሩ፣ በአንዱ ላይ ፒሲቢ (በአሮጌ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ የሚገኝ ክሎሪን ያለው መርዛማ ኬሚካል) ከሌሎቹ ስድስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በአቅራቢያው አሮጌ ትራንስፎርመር የተከማቸበት ግቢ፣ ብረት ማቅለጫ እና የቁራሌ ሽቦ የሚቃጠልበት ሜዳ አሉ። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? ከዚህ በኋላ የምንሰበስበው ስድስት ናሙና ብቻ ነው።

ሰናይት_ኬሚ፦
ድምሩ ምንጭ አይናገርም፤ ፒሲቢ በቁጥር የሚጠሩ ብዙ ዓይነቶች ስላሉት የእያንዳንዱን ድርሻ ተመልከቱ። 138፣ 153 እና 180 ከፍ ካሉ ክሎሪን የበዛበት የትራንስፎርመር ዘይት ጠርጥሩ። 126 እና 169 ከፉራን (ክሎሪን ያለበት ነገር ሲቃጠል ከሚፈጠር መርዝ) ጋር አብረው ከመጡ እሳት ነው። ሽቦ ሲቃጠል የፕላስቲኩ ክሎሪን ከመዳቡ ጋር ተገናኝቶ ፉራን ይፈጥራል፤ ማቅለጫም እንደዚሁ ስለሚያወጣ ሁለቱን ለመለየት ቦታና ንፋስ ያስፈልጋችኋል። 11 ለብቻው ጎልቶ ከወጣ ደግሞ ሦስቱንም ትታችሁ ቢጫ ቀለም የሚጠቀም ማተሚያ ቤት ወይም ጨርቃ ጨርቅ ፈልጉ።

ላቦራቶሪው የተለመዱትን ሰባቱን ብቻ ለክቶ ከሆነ 126፣ 169 እና 11 የሉበትም። ከስፖንጁ የወጣው ፈሳሽ ተርፎ ከተቀመጠ ከእሱ አስለኩ።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የአየሩን ድርሻ ከዘይቱ ጋር በቀጥታ ማወዳደር ነው። እንደ 28 እና 52 ያሉት ቀላሎቹ በፍጥነት ስለሚተኑ አየሩ ምንጊዜም ከዘይቱ ቀለል ያለ ይመስላል። የዘይቱን ድርሻ በየፒሲቢው የትነት ግፊት (የመትነን ዝንባሌውን በሚያሳየው ቁጥር) አባዝታችሁ አነጻጽሩ።

ንፋስ_ቆጣሪ፦
ስፖንጅ የሦስት ወሩን ንፋስ ሁሉ ስለሚቀላቅል አቅጣጫ አይነግራችሁም። በበጋ ንፋሱ ባብዛኛው ከምሥራቅ ነው፤ ክረምት ላይ ይለዋወጣል። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስቀሉ፤ ሁለት ከትራንስፎርመሩ ግቢ በምሥራቅና በምዕራብ፣ አንድ ከማቅለጫው ምዕራብ፣ አንድ ከሽቦው ሜዳ ምዕራብ፣ አንድ ከሁሉም በስተምሥራቅ እርሻ ብቻ ያለበት ቦታ። ስድስተኛው ባዶ ስፖንጅ (አየር ሳይሰበስብ ለማነጻጸሪያ የሚመረመር) ይሁን። ለቁጠባ ብላችሁ እሱን ከቀነሳችሁ፣ ያገኛችሁት ከአካባቢው አየር ይሁን ከእጃችሁ ማወቅ አትችሉም።

መሣሪያ_ቤት፦
ስፖንጁን ከሕንፃ አርቁ፤ የቤት ውስጥ አየር ብዙ ጊዜ ከውጭው የበለጠ ፒሲቢ አለው። ከመሬት 2 ሜትር ገደማ ይበቃል። በቀን 4 ሜትር ኩብ አየር ይወስዳል የሚባለው ግምት ነው። ከመስቀላችሁ በፊት በተፈጥሮ የማይገኝ ምልክት ያለው ፒሲቢ ጨምሩበት፤ በመጨረሻ የጎደለው መጠን ትክክለኛውን ፍጥነት ያሳያል። ስፖንጁ 28ን በሦስት ወር ሊጠግብ ስለሚችል ቀኑን በ4 አታባዙለት። ፓምፕ ከተጠቀማችሁ ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ መጠኑን አስተካክሉ።

የግቢውን ዘይት ውኃ ላይ ጠብ አድርጎ ማየት ይረዳል፤ ንጹሕ የፒሲቢ ዘይት ይሰምጣል። ቢንሳፈፍ ግን ነፃ ነው አትበሉ፤ በጥቂቱ የተበከለ የማዕድን ዘይትም ይንሳፈፋል። ያለ ጓንት አትንኩት።

አቃቂ_ናሙና፦
እግዜር ይስጥልን። ፈሳሹ ተቀምጧል፣ እናስለካለን። ባዶው ስፖንጅ ከሌሎቹ ጋር ሦስት ወር ይቆያል?

ንፋስ_ቆጣሪ፦
አይቆይም። በምትሰቅሉበት ቀን እዚያው ከፎይሉ አውጥታችሁ የመሰብሰቢያው ሳህን ውስጥ አስገቡት፣ ወዲያው አውጡት፣ በሄክሴን (ቅባት በሚያሟሟ የላቦራቶሪ ፈሳሽ) በታጠበ ፎይል ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አኑሩት። ፕላስቲክ ከረጢት ብቻውን አይሆንም።